ማርክትል አም ኢን የምትባል የጀርመን ከተማ የሚያውቅ አለ? ገበያዋ ምን ቀን ነው?

የበሬሳ_ልጅ፦

ሰላም ናችሁ የሸዋ ልጆች። እኔ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነኝ፣ አውስቢልዱንግ (ጀርመን እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) አግኝቼ ቪዛ እየጠበቅኩ ነው፣ ሥራው አረጋውያን መንከባከብ ነው፣ ሦስት ዓመት። ስለ አውስቢልዱንጉ እዚህ ብዙ ተብሏል እሱን አልጠይቅም፣ የኔ ጥያቄ ስለ ቦታው ነው። ሥራው ጎረቤት ከተማ ሆኖ ቤት የያዙልኝ ግን ማርክትል አም ኢን የምትባል ቦታ ነው፣ ባየርን የሚሉት የደቡብ ጀርመን ክልል ውስጥ፣ ኢን የሚሉት ወንዙን ነው። ወረቀቱ ላይ "ማርክት ማርክትል" ይላል፣ ሁለቴ። ማርክት ገበያ እንደሆነ ኮርስ ላይ ተምረናል፣ ስለዚህ ትልቅ ገበያ ያለባት ከተማ ትሆናለች ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ጉዳዩን የጨረሰልኝ ደላላም "የንግድ ከተማ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ሥራ አታጪም" ብሎኝ ነበር፣ እኔም አምኜ ለቤተሰብ አወራሁ።

እናቴ ቅዳሜ ገበያ ገብስና ባቄላ ስትሸጥ ሃያ ዓመት አልፏታል፣ እና ገበያ አለ ስላት ደስ አላት፣ ገበያ ካለ ሰው አለ፣ ሰው ካለ አትጠፊም አለችኝ። ትናንት ማታ ታዲያ በጎግል ማፕ ከፍቼ ላሳያት ብል ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አንድ ቤተክርስቲያን፣ ቀይ ጣራ ያላቸው ቤቶች፣ አረንጓዴ የሆነ ወንዝ፣ ከዛ እርሻ። በቃ። መንገዱን ይዤ ብሄድ ብሄድ ያየሁት ሰው አንድ ብስክሌት የያዘ ሽማግሌ ነው እሱም ፊቱን አደብዝዘውታል። እናቴ ስልኩን ተቀብላኝ ዓይኗ ስር አስጠግታ ቆየችና "ገበያተኛው የታለ?" አለች፣ ቀጥላ ደግሞ "ገበያው ምን ቀን ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ።

እና እባካችሁ አካባቢውን የሚያውቅ ካለ ይህቺ ከተማ ምንድነች? ገበያ አላት ወይስ የላትም? ብርዱን አትንገሩኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት።

የጣርማበር_ቆሎ፦

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ጣርማ በር ላይ በአውቶቢስ መስኮት ቆሎ ስሸጥ ነው ያደግኩት ስሜም ከዛ ነው። እዚህ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሙልዶርፍ ነው የምኖረው፣ ማርክትል በኛ የባቡር መስመር ላይ ነች፣ በበጋ ደግሞ ወንዙን ይዞ የሚሄድ የብስክሌት መንገድ ስላለ ስንቴ አልፌባታለሁ። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ዛሬ እረፍት ነኝ።

መጀመሪያ ስሙ። ማርክት ማለት ገበያ መሆኑ ልክ ነሽ፣ ግን እዚህ አገር ላይ ማዕረግ ነው። ልክ ሰውን ፊታውራሪ እገሌ እንደምንለው ከተማዋንም ማርክት እገሊት ይሏታል። ፊታውራሪ ድሮ ከጦሩ ፊት የሚሄድ ነው፣ ኋላ ግን ጦር ሜዳ ያልረገጠውም ፊታውራሪ ተብሎ ይጠራ ነበር አይደል፣ እንደዛ በይው። በድሮ ጊዜ እዚህ መስፍኑ ካልፈቀደ ገበያ ማቆም አይቻልም፣ ፈቃድ ያገኘ መንደር ሳምንታዊ ገበያ ይቆምለታል፣ ነጋዴ ይመጣል፣ ቀረጥ ይሰበሰባል፣ ማርክት ተብሎ ከገጠሩ ከፍ ከከተማው ደግሞ ዝቅ ይላል። ባየርን ውስጥ 2,056 ማዘጋጃዎች አሉ ከነሱ ውስጥ ከ380 በላይ የሚሆኑት እስከ ዛሬ ማርክት ነው ማዕረጋቸው። ዛሬ ምን ጥቅም አለው ካልሽ ምንም፣ ስም ነው፣ ግን ስሙን ንካባቸውና ታያለሽ። ማርክትል የሚለው ደግሞ ባየርኖች ቃል መጨረሻ ላይ "ል" ሲያስገቡ ማሳነሻ ነው፣ ሲያቆላምጡም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ማርክትል ማለት ትንሿ ገበያ፣ ገበያዬ ምናምን እንደማለት። በቃ ወረቀትሽ ላይ ያለው "ፊታውራሪ ትንሿ ገበያ" ነው።

ሕዝቧ 2,800 ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች አይደል፣ አስቢው፣ በየሜትሩ አንድ አንድ ሰው ቢቆም አለቀ። ደላላሽ የንግድ ከተማ ያለሽ ነገር ውሸት ነው፣ ማለቴ ከስንት መቶ ዓመት በፊት ቢሆን እውነት ይሆን ነበር።

ከተማዋን ግን አትናቂያት። አደባባዩ ማርክትፕላትዝ ይባላል፣ ቤቶቹ ቀለም ቀለም ናቸው ግድግዳቸው ወፍራም። እዛ አደባባይ ላይ ድሮ የቀረጥ ቤት የነበረ አንድ ቤት አለ፣ ኋላ የፖሊስ ጣቢያ ሆኖ ነበር፣ ፖሊሱ ከነቤተሰቡ እዛው ነው የሚኖረው፣ እና በፈረንጅ 1927 ኤፕሪል 16 ለሊት ላይ ለፖሊሱ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ያ ልጅ በ2005 የሮም ፓፓ ሆነ፣ ቤኔዲክቶስ 16ኛ። በአንድ ቀን ዓለም የማያውቃት ገበያዬ በቴሌቪዥን ሁሉ ታየች፣ አውቶቢስ በአውቶቢስ ሆነች፣ በስሙ ዳቦ ተጋገረ ቢራ ተጠመቀ (እውነቴን ነው የፓፓ ቢራ ነበር)፣ ቤቱ በ2007 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ የነሐስ ዓምድ ቆሟል። የሚገርምሽ ሰውዬው እዛ የኖረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ በ1929 አባቱ ተዛውሮ ቲትሞኒንግ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። ሁለት ዓመት! እኔ ሙልዶርፍ ሰባት ዓመት ኖሬ የሚያውቀኝ ዳቦ ቤቷ ብቻ ናት።

አሁን አውቶቢሱ ቀንሷል፣ ዝም ብላለች ተመልሳ።

ወንዙ ጋ ውረጂ ስትመጪ። ምንጩ ስዊዘርላንድ የበረዶ ተራራ ነው፣ ኦስትሪያን አቋርጦ (ኢንስብሩክ የሚሏት የኢን ድልድይ ማለት ነው) 500 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ተጉዞ ፓሳው ላይ ዳኑብ ውስጥ ይገባል። በሬሳ ክረምት ላይ ቡናማ ሆና እንደምትሞላው ኢን ደግሞ ሰኔ ሐምሌ በረዶው ሲቀልጥ ይሞላል፣ ቀለሙ ግን ቡናማ አይደለም፣ አረንጓዴ ላይ ወተት ያፈሰሱበት ነው የሚመስለው፣ ተራራው ሲፈጭ የሚወጣ ደቃቅ ዱቄት ነው አሉ እንደዛ የሚያደርገው። ድልድዩ ላይ ቆመሽ እጅሽን ብረቱ ላይ ብታደርጊ ሐምሌ ላይ እንኳ ከስር ቅዝቃዜው ይመጣብሻል። ማርክትል ጋ ደግሞ አልትስ የሚባል ሌላ ወንዝ ከኪምዜ ሐይቅ መጥቶ ይቀላቀለዋል ስሙም እዛው ይቀራል፣ ኢንም ፓሳው ሲደርስ ከዳኑብ የበለጠ ውሃ ይዞ ገብቶ ስሙን ዳኑብ ይወስድበታል። በሬሳ ጀማ ሆና ጀማ አባይ ሆኖ እንደሚቀረው ማለት ነው።

ሮቢት_ማንጎ፦

2,800 ሰው??? የኛ መናኸሪያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዛ አይበልጥም እንዴ። ገበያ ሳይኖራት ገበያ ገበያ የተባለች ከተማ፣ እዚህ ደግሞ ገበያ እያለው ስም ያላገኘ ስንት መንደር አለ። እህቴ ማንጎ በጆንያ ልላክልሽ አደባባዩ ላይ አንጥፊና ማዕረጉን አስመልሽላቸው 😂

የበሬሳ_ልጅ፦

ሮቢት አሳቅከኝ። ቆሎ በጣም ነው የማመሰግንህ ወንድሜ፣ ፊታውራሪዋን ለእናቴ ነግሬያት "እንግዲያው የሞተ ገበያ ነዋ" አለች። የፓፓውን ነገር ግን አላወቅኩም ነበር። ቤተክርስቲያን እንዴት ነው እዛ፣ የኛ አለ? በዓል ጾም ላይስ?

ዘአንኮበር፦

ልጄ እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። እኔ ጀርመን ረግጬ አላውቅም፣ ጡረተኛ መምህር ነኝ፣ ግን ቆሎ የጻፈው ነገር ሁለት ነገር አስታወሰኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

አንደኛው ገበያ ነው። እናትሽ የሞተ ገበያ ያሉት ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርጂም አለ፣ አልዩ አምባ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፈው እዛ ነው፣ አሞሌው፣ ጨርቁ፣ ቡናው፣ ሰውም ይሸጥ ነበር መቼስ ይህን ሸፍኖ ማውራት ሐሰት ነው። ቀረጡ ወደ አንኮበር ወደ ቤተ መንግሥት ይወጣል። በ1830ዎቹ በኛ አቆጣጠር የእንግሊዝ መልእክተኞች ሲመጡ ያለፉት በሱ ነው። ኋላ ከተማው ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ዞረ፣ የባቡሩም ሐዲድ በሌላ በኩል ሄደ፣ ገበያው ጭር አለ። እና ኢን ወንዝም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም ልጄ፣ ገበያን የሚያቆመው መንገድ ነው፣ መንገዱ ሲዞር ገበያው የት ይሄዳል። ቆሎ አንተ ያለህበት ስለሆነ ንገረን።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ኤፕሪል 16 ቀን 1927 ያልከው በኛ ሚያዝያ 8 ቀን 1919 ነው። ሰውዬው የተወለደው በነሱ የትንሣኤ ዋዜማ ነው፣ ቀዳም ስዑር ለሊት ተወልዶ ያኑ ጠዋት ለፋሲካ በተባረከው አዲስ ውሃ ተጠመቀ፣ እሱ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፎታል። በአንድ ቀን! የኛ ወንድ ልጅ 40 ቀን ይጠብቃል። ባሕረ ሐሳቡን አወጣሁትና የዛን ዓመት የኛ ፋሲካ ሚያዝያ 16 ነው የዋለው፣ ስለዚህ እነሱ ቅዳሜ ሹር ሲሉ እኛ የሆሳዕና ዋዜማ ላይ ነበርን፣ ቀጤማ ሳይሆን ዘንባባ ነበር ሰው እጅ ላይ። ፓፓ ሆኖ ማርክትልን ሊያያት የሄደው ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2006 ነው፣ እሱ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1999 ማለት ነው፣ እንቁጣጣሽ። የተወለደበትም የተመለሰበትም ዓመት ሁለቱም ዘመነ ሉቃስ ነው። ምንም ለማለት አይደለም፣ ቁጥር እወዳለሁ።

የጣርማበር_ቆሎ፦

ጋሼ አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው፣ የሆሳዕናውን ነገር ለሚስቴ አነበብኩላት።

ስለ መንገዱ ያሉት ልክ ነው። እዚህ ጨው ነበር ነገሩ፣ ጨው ከላይ ከዛልትስቡርግ በኩል በዛልትሳኽ ወንዝ ወርዶ ኢን ይገባል፣ በኢንም ላይ መርከቦች እህልና ወይን ጭነው ይወጡ ይወርዱ ነበር፣ ሲወርዱ ወንዙ ይወስዳቸዋል ሲወጡ ደግሞ በፈረስ ነው የሚጎተቱት፣ ዳር ዳሩን ፈረስ በፈረስ ሆኖ ገመድ ታስሮ። ገበያዎቹም በሙሉ ወንዙን ይዘው የተደረደሩት ለዛ ነው። በ1871 ከሙኒክ ሲምባኽ የሚሄደው ባቡር ተከፈተና የወንዙ ነገር በቃው። አሁን ወንዙ መብራት ነው የሚያመነጨው፣ እየቆራረጡ ገድበውታል ከላይ እስከታች።

ሰዉ ታዲያ ምን ሠርቶ ይበላል ብትዪ አብዛኛው ቡርግሃውዘን ነው የሚሄደው፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ያለ ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካ አለ፣ ሺዎች ይሠሩበታል። እዛው ቡርግሃውዘን ላይ ከጫፍ ጫፍ 1,051 ሜትር የሆነ ግንብ አለ፣ በዓለም ረጅሙ ነው ይላሉ፣ ለእግር ጉዞ ጥሩ ነው እሁድ ምንም ስለሌለ።

ቤተክርስቲያን። የኛ ማርክትል የለም፣ ሙኒክ ነው ያለው፣ በባቡር ሙልዶርፍ ቀይረሽ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ለቅዳሴ ለሊት መድረስ ከባድ ነው እሱን ልዋሽሽ አልችልም፣ እኛ በወር አንዴ ነው። ግን አልትኦቲንግ የምትባለዋን እዪ፣ እዛው 15 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ካቶሊኮቹ እመቤታችንን ሊሳለሙ በዓመት ከሚሊዮን በላይ ሆነው የሚመጡባት ነች። ቤተክርስቲያኗ ትንሽዬ ናት ክብ መሳይ፣ ውስጧ ጨለማ፣ ጥላሸት የጠጣች፣ የእመቤታችን ምስል ከእንጨት የተቀረጸ ሆኖ በዘመን ብዛት ጠቁሯል። ግድግዳው ውስጥ የባየርን ነገሥታት ልባቸው ብቻ ተነጥሎ በብር ዕቃ ተቀምጧል፣ ይሄን ስሰማ ደንግጬ ነበር። ውጪውን ደግሞ ዙሪያውን ስለት የደረሰለት ሰው ሁሉ ሥዕል አሠርቶ ሰቅሏል፣ ከፈረስ ወድቄ ተረፍኩ፣ ልጄ ወንዝ ገብቶ ወጣልኝ፣ እያለ፣ እስከ ኮርኒሱ። መጀመሪያ ቀን የሄድኩ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከግድግዳው ተደግፎ የተቀመጠውን የእንጨት መስቀል አነሳች፣ ከሷ የሚረዝም፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዙሪያውን ዞረች፣ እየዞረች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጨርሳ መስቀሉን ቦታው መለሰችና ሻንጣዋን ይዛ አይስክሬም ገዛች። እኔ እዛው ቆሜ ትዝ ያለኝ ጻድቃኔ ማርያም ነው፣ እናቴ ሰላ ድንጋይ ላይ ከመኪና ወርዳ ጫማዋን አውልቃ የሄደችው። እነሱም በእግር ይመጣሉ እኮ፣ ከሬገንስቡርግ በጰራቅሊጦስ ሰሞን በሺ የሚቆጠር ሰው ሦስት ቀን ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ይመጣል። ፈረንጅ እምነት የለውም የሚል ሰው እዛ ይምጣ።

ጾም ላይ ግን ተጠንቀቂ። ነሐሴ 9 (ኦገስት 15) የማርያም ዕርገት ብለው ባየርን ውስጥ ካቶሊክ የሚበዛበት ቦታ ሁሉ ሥራ ዝግ ነው፣ ቅጠላ ቅጠልና አበባ አስረው ያስባርካሉ፣ ከዛ ሥጋ ነው። እኛ ደግሞ ገና ፍልሰታ መሃል ላይ ነን። በየዓመቱ ጎረቤት ይጠራኛል በየዓመቱ ድንች ብቻ ስበላ ያዝኑልኛል።

የጫጫዋ፦

ቆሎ ብዙ አሳመርከው ልጅቷ እንዳትሳሳት ነው የምጽፈው። እኔም እንደዚህ ያለ ማርክት ላይ ሁለት ዓመት ኖሬ አሁን ሙኒክ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልጠራም። እህቴ እዛ ስትገቢ የሚገልሽ ብርድ አይደለም ዝምታው ነው። እሁድ ሱቅ የሚባል የለም፣ በሥራ ቀንም ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ተዘግቶ አልቋል፣ ሕግ ነው ባየርን ላይ፣ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት ከረሳሽ እስከ ሰኞ ሽንኩርት የለሽም። ዲሴምበር ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል (በኛ ሰዓት ነው የምነግርሽ)፣ ከሥራ ስትወጪ ለሊት ነው ስትገቢም ለሊት ነው። መንገድ ላይ መጋረጃ ይገለጣል ይዘጋል፣ ማን እንዳየሽ አታውቂም።

የገባሁ ሰሞን ናፍቆት ሲያንገበግበኝ እሁድ ጠዋት ቡና ልቁላ ብዬ ምጣዱን ጣድኩ፣ ጢሱ ገና ከመጀመሩ ኮርኒስ ላይ ያለው የጢስ ማንቂያ ጮኸ፣ እዚህ በመኝታ ክፍልና በመተላለፊያው ግዴታ ነው፣ እኔ ምን እንደሆነ አላወቅኩም በፎጣ አራግባለሁ እሱ ይጮሃል፣ ከላይ ያለው ሰውዬ በፒጃማው ወርዶ በሩን ደበደበ፣ ስከፍትለት ምጣዱን አየ፣ እኔን አየ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር መስኮቱን ከፍቶልኝ ሄደ። በነጋታው የቤቱ አከራይ ወረቀት በሩ ስር አስገባ፣ "ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው" ይላል። እሳት! አለቀስኩ። ያ ወረቀት እስካሁን አለኝ።

ስለዚህ ምክሬ፣ ሂጂ፣ አውስቢልዱንጉን ጨርሺ፣ ግን ሙኒክ ለመቅረብ ከአሁኑ አስቢ።

የጣርማበር_ቆሎ፦

የጫጫዋ አልዋሽም የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው፣ የቡናውም በኔ ደርሷል፣ አሁን በረንዳ ላይ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ነው የምቆላው። ግን ሙኒክ ሄዶ ለአንድ ክፍል ደሞዝን ግማሹን መክፈል ደግሞ አለ፣ ለአውስቢልዱንግ ተማሪ አይታሰብም። ዝምታው ያልሽው ላይ ነው የማልስማማው፣ ሰዎቹ ዝም የሚሉት አንቺም ዝም ስለምትዪ ነው። ከሙኒክ በተለየ እዚህ መንገድ ላይ ያገኘሽው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣል፣ "ግሩስ ጎት" ይላሉ፣ እግዚአብሔር ሰላም ይበልሽ እንደማለት፣ ሲለያዩም "ፊያት ዲ" ይላሉ እሱም ከ"እግዜር ይጠብቅሽ" የመጣ ነው። ኮርስ ላይ ያስተማሩን "ጉተን ታግ" ካልሽ ከሩቅ እንግዳ መሆንሽን ያውቃሉ። እኔ መጀመሪያ ዓመት አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው፣ አንድ ቀን ዳቦ ቤት ገብቼ "ግሩስ ጎት" ብል ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና ከዛ ቀን ጀምሮ ብሬዘል ስትሰጠኝ ጨው የበዛበትን ትመርጥልኛለች፣ ጨው እንደምወድ በምን እንዳወቀች እንጃ።

ደግሞ ማኅበር ግቢ። ጽዋ ማኅበር እንዳለን እነሱ ፌራይን አላቸው ለሁሉ ነገር፣ ለመዝሙር፣ ለእግር ኳስ፣ ለእሳት አደጋ ሳይቀር፣ በየመንደሩ እሳት የሚያጠፋው በደሞዝ ሳይሆን ሰዉ ራሱ በፈቃደኝነት ነው፣ ሳይረን ሲጮህ ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ሜይ 1 ቀን ደግሞ አደባባይ ላይ ረጅም እንጨት ሰማያዊና ነጭ ቀብተው ያቆማሉ፣ ከመቆሙ በፊት የጎረቤት መንደር ጎረምሶች በለሊት መጥተው ይሰርቁታል፣ ከሰረቁ የሚመልሱት በቢራና በምግብ ተደራድረው ነው፣ ፖሊስ አይጠራም፣ ሌብነት ሳይሆን ወግ ነው። የኛ ሰፈር ልጆች ሁለት ለሊት ሲጠብቁ እኔም አብሬ አድሬያለሁ፣ እሳት እየሞቅን፣ ያኔ ነው ስሜን በትክክል መጥራት የተማሩት።

ወንዙን ግን አደራ። በ2016 ጁን 1 ቀን ሲምባኽ ላይ፣ ከማርክትል ወደ ታች ነው፣ ዝናብ ከባድ ዘንቦ ትንሿ ጅረት ናት ከተማውን የጠረገችው፣ ሰው ሞቷል፣ ድልድዩ ላይ ከአንድ ሰዓት በፊት የቆመ ሰው ሁሉ ነበር። ስልክሽ ላይ የአደጋ ማስጠንቀቂያ አፕ ጫኚ፣ መልእክት ሲመጣ ወደ ከፍታ ነው እንጂ ወደ ቪዲዮ አይኬድም።

ዘአንኮበር፦

ወፍ ዋሻ ግርጌ ያሉ ሰዎች ያን የሚያውቁት ነው፣ ትልቁን ወንዝ ሰው ያከብረዋል፣ የሚገድለው የናቁት ጅረት ነው። ቡናውን በረንዳ ላይ መቁላት ግን ብርቱ ብልሃት ነው።

ሮቢት_ማንጎ፦

እኔ እንጨት ሰርቆ በቢራ መደራደሩን ነው የወደድኩት። ቪዛ ስንት ነው?

የበሬሳ_ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ጋሼ እርስዎንም እድሜ ይስጥልኝ። የጫጫዋ ያንቺን ሳነብ ሆዴ ባባ ግን ከማላውቅ ባውቅ ይሻላል። ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት፣ ቡናው ላይ ስትደርስ "እሳት አለው?!" ብላ ተቆጣች፣ አሮጊቷና መስቀሉ ላይ ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዛ ደላላው ዋሽቶኛል ስላት፣ አይ እሱስ የተጻፈውን ነው ያነበበልሽ አለች፣ እኔ አልገባኝም አሁንም ተናድጃለሁ፣ ለትርፍ ሥራው ብዬ የተበደርኩት ብር አለ።

አሁን ሻንጣ ላይ ነን። 23 ኪሎ ነው የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ። እናቴ የመንዝ ባና ካልያዝሽ አትሄጂም ብላ ከአክስቴ ቤት አስመጥታለች፣ ሚዛን ላይ አድርገነው አምስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በሱ ፋንታ ሽሮና በርበሬ ብጨምር ይሻለኛል ብዬ ነው፣ እዛ ብርድ ልብስ ይሸጣል አይደል? ቅቤም ሦስት ኪሎ አንጥራ አስቀምጣለች። ምን ልተው?

የጫጫዋ፦

ቅቤውን ተዪው፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የወተትና የሥጋ ነገር ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ወስደው ሲጥሉት ማየት ያማል፣ የኔን ሁለት ኪሎ ቆሜ አይቻለሁ። ሽሮና በርበሬ አሽገሽ ያዢ። ድስት እንዳትይዢ።

የጣርማበር_ቆሎ፦

ባናውን ያዢው። ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ ሞልቷል፣ ባና ግን አይሸጥም። ማሞቂያ በወር የሚታሰብ ሂሳብ ነው፣ መጀመሪያ ክረምት ላይ ሂሳቡ ሲመጣ ትረጂኛለሽ። ወደ ማርክትል ስትመጪ ደውዪ፣ ሙልዶርፍ ባቡር መቀየሪያው ላይ እኔና ሚስቴ እንጠብቅሻለን፣ በውስጥ መስመር ቁጥር ልኬልሻለሁ። ለእናትሽ ደግሞ ንገሪያት ጠይቄላታለሁ፣ አልትኦቲንግ ላይ አትክልት በጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች አይቻለሁ፣ አንዷ ባቄላ ነበራት፣ እሸት፣ ከነቅርፊቱ። ዋጋውን አልነግራትም።